የ12ኛ ክፍል ፈተና፦ የተማሪው ጫናና የቤተሰቡ ድርሻ

በምዕራብ ሐረርጌ ሰኔ ሲገባ ማሽላው ኩትኳቶና አረም ይጠይቃል፤ ጫቱም ዝናቡን ተከትሎ ያቆጠቁጣል። ወቅቱ ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ የሰው ጉልበት የሚያጥርበት ነው። የቤቱ ትልቅ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነ ግን በማሳው ላይ አይገኝም። በጭሮ፣ በሒርና፣ በበዴሳ ወይም በገለምሶ ከጓደኞቹ ጋር በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከመሰላ ወረዳ የገጠር ቀበሌ የመጣው ተማሪ የዱቄት ስንቁን ከቤቱ ተሸክሞ መጥቷል፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ወላጅ ደግሞ ምናልባት ፍየል፣ ምናልባትም በሬ ሸጧል።

በዚያች ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ የወላጆቹን ወጪ፣ የታናናሾቹን ተስፋና የመንደሩን ዓይን ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ተሸክሟል። ይህ ጽሑፍ ብሔራዊ ፈተናው ምን እንደሆነ፣ ጫናው ከምን እንደሚመነጭ፣ ከውጤት በኋላ ምን ምን መንገዶች እንዳሉና ቤተሰብ ሸክሙን እንዴት ሊያቀልል እንደሚችል በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ፈተናው ምንድን ነው?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ሲሆን የሚያዘጋጀውም የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ በጂኦግራፊ፣ በታሪክና በኢኮኖሚክስ ይፈተናሉ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የአፕቲትዩድ ፈተና ለሁለቱም የጋራ ናቸው። ጥያቄዎቹ በምርጫ መልክ የሚቀርቡ ሲሆኑ፣ ይዘታቸው ተማሪው በሁለተኛ ደረጃ የቆየባቸውን ዓመታት ትምህርት ይነካል። በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ተጠንቶ የሚያልቅ አይደለም።

ብዙ አባቶችና እናቶች ይህንን ፈተና ዛሬም «ማትሪክ» ብለው ይጠሩታል። ስሙ የመጣው ለአሥርታት ሲሰጥ ከነበረው ከቀድሞው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ነው፤ ውጤቱም ከ4 ነጥብ ይሰላ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አሠራሩን ለወጠው። 10ኛ ክፍል ላይ አንድ ብሔራዊ ፈተና ተጨመረ፤ 11ኛና 12ኛ ክፍልም የመሰናዶ ትምህርት ተባሉ። በዚያ አሠራር ብዙው ተማሪ የሚለየው 10ኛ ክፍል ላይ ስለነበር 12ኛ ክፍል የሚደርሰው ቁጥሩ አነስተኛ ነበር። ከጊዜ በኋላ የ10ኛ ክፍል ፈተና ሲቀር የማጣራቱ ሸክም በሙሉ ወደ 12ኛ ክፍል ተሻገረ። የዛሬው ጫና አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለምን ሄደ?

ለዓመታት ተማሪዎች የሚፈተኑት በየትምህርት ቤታቸው ነበር። ኩረጃና የፈተና ስርቆት ግን እየተስፋፋ መጣ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨቱ የዚያ ዓመት ፈተና ተሰርዞ ከሳምንታት በኋላ በድጋሚ ተሰጥቷል።

ችግሩን ለመቁረጥ የ2014 ዓ.ም. ፈተና በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ተወሰነ። ፈተናው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሁለት ዙር ተካሄደ። ተማሪዎች ከየወረዳቸው በአውቶቡስ ተጉዘው፣ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ አድረው፣ ስልክና ሌላ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሳይዙ ተፈተኑ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ በኮምፒውተር እየተፈተኑ ይገኛሉ።

ለምዕራብ ሐረርጌ ነዋሪ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አገር አይደለም፤ ጭሮ ከተማ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። ይሁን እንጂ ከገጠር ቀበሌ ለመጣ ተማሪ የግቢው ስፋት፣ ፍተሻው፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ማደሩና ለቀናት የቤተሰቡን ድምፅ ሳይሰማ መቆየቱ በራሱ ፈተና ነው። ይህንን አስቀድሞ ያወቀ ተማሪ ከማያውቀው ይልቅ ረጋ ብሎ ይገባል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ የተገለጸው የመጀመሪያው ውጤት አገሪቱን አስደንግጧል። ትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ይፋ ባደረጉት መሠረት ከ896,520 ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይህም 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 27,267 ተማሪዎች ወይም 3.2 በመቶ አለፉ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 36,409 ከፍ ብሎ 5.4 በመቶ ደረሰ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929 ተማሪዎች ወይም 8.4 በመቶ የማለፊያ ነጥቡን አግኝተዋል። መሻሻል መኖሩ ግልጽ ነው። ቢሆንም በዚህ በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኞች 91 የሚሆኑት ከማለፊያው በታች ቀርተዋል።

ከግለሰብ ውጤት ይበልጥ ትኩረት የሚሻ ሌላ ቁጥርም አለ። በ2014 ዓ.ም. ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 1,328 ከፍ ብሏል፤ ተማሪ ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች ከ10ሩ ከ4 በላይ የሚሆኑት ማለት ነው።

አርሶ አደር ይህንን ቁጥር ከማንም በላይ ይረዳዋል። በአንድ ማሳ ላይ ከተዘራው 100 ፍሬ የበቀለው 3 ብቻ ቢሆን ጥፋቱን በፍሬው ላይ ብቻ አይጥልም። አፈሩን ይመረምራል፤ ዝናቡን ያሰላል፤ የዘራበትን ጊዜና ዘሩ የተቀመጠበትን ጎተራ ይጠይቃል። አንድ ትምህርት ቤት ካስፈተናቸው ተማሪዎች አንድም ካላለፈለት ጥያቄው የልጁ ስንፍና ብቻ ሊሆን አይችልም። የመምህራን ብቃትና ቁጥር፣ የመጽሐፍ አቅርቦት፣ ቤተ ሙከራ፣ የታችኛው ክፍል መሠረት፣ ለዓመታት የተለመደው ኩረጃ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ይህንን መገንዘብ የተማሪውን ኃላፊነት አያነሳለትም፤ የእርሱ ያልሆነውን ጥፋት ግን ከትከሻው ያወርድለታል።

ጫናው ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ ቋንቋ ነው። በኦሮሚያ ክልል አብዛኞቹ ተማሪዎች እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ትምህርቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢጠየቅ የሚመልስ ተማሪ ጥያቄው ስላልገባው ብቻ ነጥብ ሊጥል ይችላል። በእንግሊዝኛ የደከመ ተማሪ በአንድ ትምህርት ሳይሆን በሁሉም ይጎዳል።

ሁለተኛው የኑሮ ሁኔታ ነው። ከገጠር መጥቶ ቤት የተከራየ ተማሪ ውኃ ይቀዳል፣ ያበስላል፣ ልብሱን ያጥባል። ገንዘቡ ሲያልቅ የቀን ሥራ የሚሠራም አለ። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጫት ለቀማው፣ ከብቱና አረሙ ይጠብቁታል። የልጃገረዶች ሸክም ደግሞ ይበዛል። ቤታቸው ሆነው የሚማሩት እንጀራ ጋግረውና ታናናሾቻቸውን አስተኝተው ነው መጽሐፍ የሚከፍቱት። አንዲት ልጅ ካላለፈች «እንግዲህ ትዳር ነው» የሚል ንግግር አስቀድሞ በቤት ውስጥ ከተሰማ ፈተናው ለእርሷ የትምህርት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ሦስተኛው «ወይ ዩኒቨርሲቲ፣ ወይ ምንም» የሚለው አስተሳሰብ ነው። የእርሻ መሬት በውርስ እየተከፋፈለ በጠበበበት አካባቢ ወላጅ ልጁ ደመወዝተኛ እንዲሆን መመኘቱ ተገቢ ነው። ምኞቱ ሌላ በር ሁሉ የተዘጋ እስኪመስል ድረስ ሲጠብ ግን ያልተሳካለት ልጅ ከቤት መውጫ ይፈልጋል። ከሐረርጌ ተነሥቶ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚያመራው የሕገ ወጥ ስደት መንገድ የስንቱን ወጣት ሕይወት እንደበላ በአካባቢው የማያውቅ የለም። ውጤት አጥቶ ያፈረ ልጅ ለደላላ ቃል ቀላል ታዳኝ ነው።

እንቅልፍ፣ ጫትና ሌሊት ማጥናት

ፈተና ሲቃረብ ብዙ ተማሪዎች የሚያደርጉት የመጀመሪያ ነገር እንቅልፍን መቀነስ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የእንቅልፍ ሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ። አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለውና የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አጥንቶ ያልተኛ ተማሪ እህሉን አጭዶ ጎተራ ሳያስገባ በሜዳ እንደተወ ገበሬ ይሆናል።

ነቅቶ ለማደር ጫት የሚቅሙ ተማሪዎችም አሉ። ጫት ለአካባቢው አርሶ አደር ዋነኛ የገቢ ምንጭ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለተማሪ ያለው ጠባይ ግን ለብቻው መታየት አለበት። በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ በጠወለገ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ጫት ተቆርጦ በችኮላ ወደ ገበያ የሚሮጠውም ለዚሁ ነው። ይህ ንጥረ ነገር እንቅልፍን ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የልብ ምትንም ይጨምራል። በምርቃና ጊዜ ተማሪው ሁሉም የገባው ይመስለዋል። ምርቃናው ሲያልፍ ግን ድካም፣ ድብርትና መነጫነጭ ይከተላሉ፤ ዱካክ የሚያሠቃየውም አለ። ከዚህም ሌላ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ጫት አይገባም። ያለ ጫት ማጥናት ያልለመደ ተማሪ ፈተናው በሚሰጥባቸው ቀናት በድንገት ሲያቋርጥ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ሐሳቡን መሰብሰብም ያቅተዋል።

ያዋጣው መንገድ ቀላል ነው። አንድን ትምህርት በአንድ ሌሊት ከመጨረስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያሉ ደጋግሞ መመለስ፣ የቀደሙ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን ሰዓት ይዞ መሥራት፣ የተሳሳቱትን ጥያቄ ለይቶ ምክንያቱን መፈለግ፣ ያወቁትን ለጓደኛ ማስረዳት የተፈተኑ ዘዴዎች ናቸው። ፈተናው ሲቃረብ «የወጣ ጥያቄ አለን» እያሉ በቴሌግራም ገንዘብ የሚጠይቁ አጭበርባሪዎች ይበዛሉ። እነርሱን መከተል ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው።

በሌላው ዓለምስ?

በአንድ ፈተና ላይ ይህን ያህል ሸክም የጣለች ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም። ስሙ የገነነው የቻይናው «ጋኦካኦ» ነው። በየዓመቱ በአውሮፓውያኑ ሰኔ 7፣ በእኛ ግንቦት 30 ይጀምራል። በ2024 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡት 13.42 ሚሊዮን ነበሩ። በፈተናው ቀናት በመፈተኛ ጣቢያዎች ዙሪያ የግንባታ ጩኸት ይቆማል፤ አሽከርካሪዎች ጥሩምባ እንዳይነፉ ይነገራቸዋል፤ ፖሊስም የዘገየ ተማሪ ያደርሳል።

የቻይናም ታሪክ ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ምዕራፍ አለው። በባህል አብዮቱ ዘመን ተቋርጦ የነበረው ፈተና በ1977 እ.ኤ.አ. ሲመለስ 5.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተፈትነው ዩኒቨርሲቲ የገቡት 273 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ከ100 ሰው 5 እንኳ አይሞላም። ዛሬ በዚያች አገር ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኘው ወጣት ከግማሽ በላይ ሆኗል። ጫናው ግን አልቀነሰም፤ «መግባት አለመግባት» የነበረው ፉክክር «ስመ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ መግባት» ወደሚል ተለወጠ። በአንሁዪ ክፍለ ሀገር ማኦታንቻንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለዚሁ ፈተና የሚያዘጋጅ ግዙፍ ትምህርት ቤት አለ። ከገጠር የመጡ እናቶች በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ክፍል ተከራይተው፣ ለልጆቻቸው እያበሰሉ ወራትን ያሳልፋሉ። ለጭሮና ለሒርና ነዋሪ ይህ ሥዕል እንግዳ አይሆንበትም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የዩኒቨርሲቲ ቦታ መጨመር ብቻውን ጫናን እንደማያጠፋ ነው። ጫናው የሚቀንሰው ሌሎች መንገዶችም ክብር ሲያገኙ ነው።

ውጤት ከተገለጸ በኋላ ያሉ በሮች

ውጤት በአገልግሎቱ ድረ ገጽና በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቁጥር 6284 ሲገለጽ ቆይቷል። ከውጤቱ በኋላ ያሉት መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

ዩኒቨርሲቲ፦ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተማሪዎች ምርጫቸውን ሞልተው በትምህርት ሚኒስቴር ይመደባሉ። ምርጫ ሲሞላ የዩኒቨርሲቲውን ርቀት ብቻ ሳይሆን ተማሪው የሚወደውን የትምህርት መስክ ማየት ይገባል።

የማካካሻ ትምህርት፦ «ሪሜዲያል» በሚል የሚታወቀው ይህ ፕሮግራም የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። 50 በመቶ ያልሞላላቸው ሆኖም ወደዚያ የቀረቡ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለወራት ተምረው እንደገና ይፈተናሉ፤ ያለፉትም መደበኛ ትምህርት ይጀምራሉ። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚወሰን በትምህርት ሚኒስቴር የሚወጣውን ማስታወቂያ መከታተል ያስፈልጋል።

በግል እንደገና መፈተን፦ ያልተሳካለት ተማሪ በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ ሊሞክር ይችላል። ይህንን የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ የወደቀበትን ምክንያት ለይቶ ማወቅ አለበት፤ በዚያው ዘዴ ዓመቱን መድገም ያንኑ ውጤት ያመጣል።

ቴክኒክና ሙያ፦ በኤሌክትሪክ፣ በብረታ ብረት፣ በግንባታ፣ በአውቶ መካኒክ፣ በእንስሳት ጤናና በመሳሰሉት መስኮች በደረጃ እየተሠለጠኑ የብቃት ምዘና ወስዶ ሥራ መግባት ይቻላል። እንደ አላጌና አጋርፋ ያሉ የግብርና ኮሌጆችም ዛሬ በየቀበሌው ከአርሶ አደሩ ጋር የሚሠሩ የልማት ሠራተኞችን ያፈሩ ናቸው። የውኃ ፓምፕ የሚጠግን፣ ከብት የሚያክም፣ የመብራት መስመር የሚዘረጋ ወጣት በወረዳ ከተሞች የሚፈለግ ሰው ነው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ገንዘብ ከመላክ ይሰፋል።

አንደኛ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት የሥራ ጥሪን መቀነስ ነው። ኩትኳቶው በደቦ ወይም በዘመድ እገዛ እንዲሸፈን አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል። ለልጃገረዶችም የቤት ሥራውን ወንድሞች ይጋሩ።

ሁለተኛ፣ ወጪን መዝገብ አድርጎ አለመጥቀስ ነው። «በሬውን የሸጥኩት ለአንተ ነው» የሚለው ቃል አባት ለማበረታታት የሚናገረው ቢሆንም ልጁ ግን እንደ ዕዳ ይሰማዋል። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደርም እንደዚሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ከፈተናው በፊት ስለ ሌሎቹ በሮች በግልጽ መነጋገር ነው። «ብታልፍ እንዲህ፣ ባይሆንልህም እንዲህ እናደርጋለን» ተብሎ የተነገረው ልጅ ተስፋ አይቆርጥም፤ ይልቁንም በሙሉ ሐሳቡ ይፈተናል።

አራተኛ፣ ለጉዞው ማዘጋጀት ነው። የመፈተኛ ካርዱንና መታወቂያውን በጊዜ መያዙን፣ ልብስና መኝታ ማዘጋጀቱን፣ የተከለከሉ ዕቃዎችን ማወቁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጭንቀት ከሚጨምሩት ነገሮች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ጉድለቶች ናቸው።

አምስተኛ፣ የአደጋ ምልክቶችን ማስተዋል ነው። ለቀናት እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መተው፣ ከሰው መሸሽ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ ወይም መቆጣት ሲደጋገም ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ወስዶ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው። «መኖር አልፈልግም» የሚል ንግግር ከተሰማ ደግሞ እንደ ቁጣ ወይም እንደ ማስፈራሪያ አይታይ። ልጁን ብቻውን አለመተውና ዕለቱኑ እርዳታ መፈለግ ግዴታ ነው።

ባለፉት ዓመታት ውጤቱ የተነገረው ባብዛኛው በጳጉሜንና በመስከረም ነበር። በዚያ ጊዜ ማሽላው ገና አልታጨደም፤ የዓመቱ ምርት ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው ከኅዳር በኋላ ነው። በዚያች ቀን ስልኩን ይዞ ወደ ቤት የሚመጣው ልጅ ከቁጥሩ ይልቅ የሚፈራው የወላጆቹን ፊት ነው። እናትና አባት በዚያች ሰዓት ምን እንደሚሉት አስቀድመው ቢመክሩበትና ነጥቡ ምንም ሆነ ምን መጀመሪያ ምግብ ቢያቀርቡለት፣ ቀጥሎ ስለሚሆነው በማግስቱ ተቀምጠው ቢነጋገሩ፣ ለልጁ ከየትኛውም ማጠናከሪያ ትምህርት ያልተናነሰ እገዛ አድርገውለታል።